ቅዳሴው ሰሞን አለው፤ የካህኑ ስልክስ?

ካህን መንገድ ላይ ስናገኝ መስቀል ተሳልመን «አባታችን፣ እንደምን ነዎት?» እንላለን። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉናል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የእኛ ነው። የእናታችን ሕመም፣ የልጃችን አልታዘዝ ባይነት፣ በትዳራችን የገባው ነፋስ፣ የአለቃችን ክፋት ተራ በተራ ይዘረዘራል። ካህኑም ሰምተው፣ መክረውና ባርከው ይሸኙናል። እኒያ ካህን ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ያደሩ፣ ረፋዱ ላይ ቀብር የሸኙ፣ ማታ ደግሞ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ቀጠሮ የያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን አብዛኞቻችን አናስብም።

የሐኪም ድካም፣ የመምህር ምሬት፣ የዳኛ የመዝገብ ክምር በየጊዜው ይነገራል፣ ይጻፋል። የካህን ድካም ሲነሳ ግን ነገሩ ወዲያው ወደ መንፈሳዊ ሚዛን ይወጣል። «ጸሎት ቢያጓድል ነው»፣ «ጥሪ ባይኖረው ነው» ይባላል። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ማስረጃ ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካህን የሚዝለው እምነት ስለጎደለው ሳይሆን ሥራው ወሰን ስለሌለው ነው። ወሰን ማበጀት ደግሞ የካህኑ የብቻው ኃላፊነት ሊሆን አይችልም።

ዝለት ምንድን ነው?

ባሕር ማዶ «በርንአውት» የሚሉትን ነገር እኛ ዝለት ልንለው እንችላለን። ቃሉን በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ካስተዋወቁት አንዱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ በኒውዮርክ ከተማ በነፃ ሕክምና መስጫ ውስጥ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ያየውን ገለጸ። በፍቅርና በጋለ ስሜት የጀመሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ይደክማሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ሊረዱት የመጡትን ሰው መልሰው ይጠሉታል። ልብ በሉ፤ የዛሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ሥራቸውን ከልብ የወደዱት ናቸው። ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪም ከባልደረባዋ ከሱዛን ጃክሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የዝለት መለኪያ መጠይቅ አወጣች። መጠይቁ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ዝለትን ከበሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር ከተያያዙ ክስተቶች መደበው። መነሻው በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየና በአግባቡ ያልተያዘ ውጥረት ነው አለ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የጉልበት ማለቅ ነው። ተኝቶም እንደ ደከሙ መነሳት ማለት ነው። ሁለተኛው ልብ ከሥራው መራቁ ነው። ካህኑ ለቅሶ ቤት ይገባል፣ ያጽናናል፣ ውስጡ ግን አልተነካም፤ ለንስሐ የመጣው ሰው ነፍስ መሆኑ ቀርቶ ወረፋ ይሆንበታል። ሦስተኛው «ምን ሠራሁ?» የሚል ስሜት ነው። ሃያ ዓመት አስተምሮ፣ አስታርቆ፣ አጥምቆና ቀብሮ ሲያበቃ አንድም ፍሬ ያላፈራ ይመስለዋል። ይህን የመጨረሻውን ስሜት ለማንም አይናገረውም፤ ቢናገር ራሱ የሚያስተምረውን የካደ ይመስልበታልና።

ሜቶዲስቶቹ ሲጠየቁ

በአሜሪካ ጉዳዩ በቁጥር ተጠንቷል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በሰሜን ካሮላይና ግዛት የሚገኙ የዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን ጠይቀው 1,726 ሰዎች መልስ ሰጡ። ይህ በግዛቱ ካሉት የቤተ ክርስቲያኒቱ አገልጋዮች 95 በመቶ ያህሉ ነው። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት በስልክ ከተጠየቁት መካከል የድባቴ ምልክት የታየባቸው 8.7 በመቶ ነበሩ። በኢንተርኔትና በወረቀት መልስ ከሰጡት ደግሞ 11.1 በመቶ ደርሰዋል። በወቅቱ ለጠቅላላው የአሜሪካ ሕዝብ የተወሰደው ማነጻጸሪያ 5.5 በመቶ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ትኩረቴን ስቦታል። ከድባቴና ከጭንቀት ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል የሥራ ውጥረት፣ የኑሮ ድንገተኛነት፣ እንዲሁም «የሚገባኝን ያህል አልሠራሁም» የሚል የጥፋተኝነት ስሜት ይገኙባቸዋል። የባንክ ሠራተኛ ሒሳቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠበቃም መዝገቡ ሲዘጋ ይገላገላል። የካህን መዝገብ ግን አይዘጋም፤ ሁልጊዜ ያልተጠየቀ ሕመምተኛ፣ ያልታረቀ ጎረቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ወጣት አለ። ስለዚህ ሲያርፍ እንኳ የሰረቀ ይመስለዋል።

ባርና የተባለው የጥናት ተቋምም ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት መጋቢዎችን ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከመቶ 42 የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት አገልግሎቱን ጨርሶ ለመተው አስበው እንደነበር ተናገሩ። ለመተው ካሰቡት መካከል 56 በመቶው የሥራውን ከባድ ውጥረት፣ 43 በመቶው ደግሞ ብቸኝነትን በምክንያትነት ጠቅሰዋል። ቀኑን ሙሉ በሰው የተከበበ ሰው ብቸኝነትን ማንሳቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የሚከበው ሁሉ የሚሰማው ሳይሆን የሚያሰማው ከሆነ ግን እንግዳ አይሆንም።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ

ችግሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሱ መልክ አለው። ካህኑ የሚያገለግለው ጾሞ ነው። ምእመኑ ሊጾማቸው የሚገቡት ቀናት በዓመት 180 ያህል ሲሆኑ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ገደማ ይደርሳሉ። የበዓል ዋዜማ ከሆነ ሌሊቱ የማኅሌት ነው። ንጋት ላይ ኪዳን፣ ቀጥሎ ቅዳሴ፣ ከዚያ ስብከት፣ የክርስትና ጥምቀት፣ ተዝካር፣ ሰንበቴ ይከተላል። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እያለ ወሩ ይሞላል። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይዝምና ፍትሐቱ በመካከል ይገባል። በጥምቀትና በሰሙነ ሕማማት የሚኖረውን መናገር አያስፈልግም።

ይሁንና የጥንት አባቶች ይህን ጫና አላወቁትም ማለት አይደለም። ለዚህ ምስክሩ «ሰሞነኛ» የሚለው ቃል ነው። በሥርዓቱ መሠረት ቀዳሽ ካህናትና ዲያቆናት በሰሞን ተከፍለው ያገለግላሉ። የአንዱ ሰሞን ሲያበቃ ሌላው ይረከባል። ቅዳሴ ራሱ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት የሚካፈሉት አገልግሎት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይቀድስም። የሥራ ፈረቃ የሚባለውን ነገር ፋብሪካ ሳይፈጥረው ቤተ መቅደስ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ሰሞኑ ከመቅደሱ ደጅ አለመውጣቱ ነው። የንስሐ አባትነት ሰሞን የለውም። አንድ ካህን በርካታ ቤተሰቦችን በንስሐ ልጅነት ይይዛል፤ የእያንዳንዱን ቤት ገበና ያውቃል፤ ምሥጢሩንም ይዞ መቃብር ይወርዳል። ድሮ ይህ ግንኙነት በእግር መንገድ ርዝመት የተወሰነ ነበር። የንስሐ ልጅ አባቱን የሚያገኘው ወይ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ወይ ቤቱ ጠርቶ ነው። የእጅ ስልክ ሲመጣ ያ ወሰን ፈረሰ። ዛሬ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የምትደውል የንስሐ ልጅ አሠሪዎቿ ሲተኙ ነው የምትደውለው። እሷ ሌላ ሰዓት የላትም። አባቷ ያን ስልክ አለማንሳት አይሆንላቸውም። እሳቸው ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ለማኅሌት ይነሳሉ።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ካህናት ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጀራቸውን በሌላ ሥራ ያበስላሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ይቀድሳሉ። በሳምንቱ ውስጥ የቀረ ቀን የለም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በኩልም አንድ መጋቢ ሰባኪ፣ አማካሪ፣ አስታራቂ፣ ገንዘብ አሰባሳቢና የሕንጻ ኮሚቴ አባል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቤተሰቡንም አንርሳ። ያገባ ቀሲስ ልጆቹ በበዓል ቀን አባታቸውን የሚያዩት በሕዝብ መካከል ነው። ባለቤቱ ሌሎች ሴቶች ለባሎቻቸው ወቀሳ የሚያቀርቡባቸው አባት ባለቤት ናት፤ የራሷን ወቀሳ ለማን ታቅርብ? ሚስቱ በሞት ብትለየው ደግሞ ክህነቱን ይዞ ሁለተኛ ማግባት አይፈቀድለትም። ሐዘኑንም አገልግሎቱንም ይዞ ብቻውን ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ላይ የኑሮ ጥያቄ አለ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት አገልጋዮቿን ስታስተዳድር የኖረችው በመሬት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን መሠረት አነሳው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤም ሸክሙን ተረከበ። የካህኑ ደመወዝ ከምእመኑ አስተዋፅኦ፣ ከስእለትና ከሙዳየ ምጽዋት ሆነ። ገቢው ደህና በሆነ የከተማ ደብር ያለ ካህን ደመወዝ ያገኛል። በገጠር ያለው ቄስ ግን እንደ ጎረቤቶቹ አርሶ ያድራል፤ ከእርሻ መልስ ይቀድሳል። የኑሮ ውድነት ሲመጣ ሁለቱም ስለ ገንዘብ ማውራት ያፍራሉ። ካህን ደመወዝ አነሰኝ ካለ «ገንዘብ ወዳድ» ይባላላ።

ሕጉስ ምን ይላል?

«ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የሕግ መጽሐፉም ዝም ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና በየጊዜው ከክፍያ ጋር ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍትና ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ላይ በሃይማኖት ድርጅቶች በሚመሠረት የሥራ ግንኙነት አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል በር ይከፍታል።

የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሊታይ ይችላል። የካህኑ ጉዳይ ግን ይለያል። ክህነት በቅጥር ውል ሳይሆን በአንብሮተ እድ የሚሰጥ ነው። የአንድ ቅዳሴ ርዝመት የትርፍ ሰዓት ክርክር ሊነሳበት አይችልም፤ ሊነሳበትም አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ መከልከሉም በበጎ ነው። በሌላው ዓለምም ፍርድ ቤቶች እዚህ ደጃፍ ሲደርሱ ይቆማሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሆዛና ታቦር ጉዳይ፣ ቤተ ክርስቲያን በአገልጋይነት ከሾመችው ሰው ጋር ባላት የሥራ ግንኙነት ላይ የአድልዎ ክስ ሊቀርብባት እንደማይችል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 አንዲት የሜቶዲስት አገልጋይ በሕጉ አነጋገር «ተቀጣሪ» አይደለችም ብሏል።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? ብዙዎች «ሕግ ካልገባበት ግዴታም የለም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ የምደመድመው በተቃራኒው ነው። መንግሥት ከደጅ ከቆመ፣ በውስጥ ያለው የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዳኛ በሌለበት ቤት አባወራው ራሱ ዳኛ መሆን አለበት።

ይህን ያደረጉ አሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው የቀኖና ሕግ ካህናት በየዓመቱ በቂ የዕረፍት ጊዜ እንደሚገባቸው ደንግጋለች። የቁምስና ካህን በዓመት እስከ አንድ ወር ለዕረፍት ከቁምስናው መራቅ ይችላል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም ቀሳውስቷን «ተቀጣሪ» ሳትል፣ ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የአገልግሎት ሁኔታዎች ደንብ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍትና በዓመት 36 ቀን ፈቃድ ሰጥታለች። ሁለቱም ክህነትን ወደ ደመወዝተኛነት አላወረዱትም። ካህኑ ሥጋ የለበሰ ሰው መሆኑን ብቻ ነው በጽሑፍ ያመኑት።

«አገልግሎት እኮ መሥዋዕትነት ነው»

ይህ መከራከሪያ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ሊናቅ የሚገባውም አይደለም። መሥዋዕትነት የሌለበት ክህነት የለም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለ ደከሙ አገልጋዮች የሚተርከውን እንይ።

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ከታየው ታላቅ ተአምር ማግስት ወደ በረሃ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ። ወደ እርሱ የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱ ጽናትም አልጠየቀውም። የጋለ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ ዳግመኛ አበላው። ስለ ሥራው የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። እንቅልፍና ምግብ ቀደሙ ማለት ነው።

ሙሴ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየው። ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾምም መከረው። ሙሴም ምክሩን ተቀበለ። ለሕግ ሰው ይህ ታሪክ ስለ ፍርድ ቤቶች እርከን የሚናገር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ግን ስለ ካህን ጤና ይናገራል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብም አለ፤ ችግሩን ያየው ሙሴ ራሱ አይደለም። የደከመ ሰው ድካሙን አያይም፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው የሚያይለት። የእኛው ተረትም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በቅድሚያ ሰሞን የሚለውን ነባር ሥርዓት ከመቅደስ ወደ ሰፈር ማውጣት ይቻላል። በየደብሩ የቀብር፣ የሕሙማን ጥየቃና የድንገተኛ ጥሪ ሰሞነኛ ቢመደብና ስልኩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ የሌሎቹ ካህናት ስልክ በዚያ ሳምንት ሌሊት ሊያርፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሰበካ ጉባኤ የሕንጻ፣ የአጥርና የሒሳብ ጉዳይ ብቻ የሚወያይበት መድረክ ሆኖ መቅረት የለበትም። ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድ ላይ የሚወከሉበት ጉባኤ ነው። ለእያንዳንዱ አገልጋይ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመትም የተወሰነ ጊዜ ዕረፍት በቃለ ጉባኤ ሊወስን ይችላል። ዕረፍቱ እንደ ችሮታ ከተሰጠ የሚጠይቀው ሰው ያፍራል፤ በውሳኔ ከተሰጠ ግን ማንም አያፍርም።

ሦስተኛ፣ የንስሐ ልጆች ቁጥር ልክ ይኑረው። በአንድ ታዋቂ አባት ደጅ ተሰልፎ በአጠገቡ ያለውን ወጣት ቀሲስ ማለፍ ለማንም አይበጅም። አንጋፋው ይሰበራል፤ ወጣቱም ሳይለምድ ያረጃል።

አራተኛ፣ ካህኑ ራሱ የሚናገርበት ሰው ያስፈልገዋል። እርግጥ ካህንም የንስሐ አባት አለው። ነገር ግን ኃጢአትን መናዘዝና ድካምን መናገር አንድ አይደሉም፤ ድካም ኃጢአት አይደለምና። የሚያማክረው ሰው ደግሞ ደመወዙንና ዝውውሩን የሚወስነው አለቃ ባይሆን ይመረጣል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡና ድባቴው ከሳምንታት ካለፈ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር ሊሆን አይገባም። ምእመኑን «ጸበልህንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ውሰድ» የሚሉ አባቶች ምክሩን ለራሳቸውም ሊጠቀሙበት ይገባል።

የቀረው የእኛ የምእመናኑ ድርሻ ነው። ነገ ሊጠብቅ የሚችለውን ጉዳይ በእኩለ ሌሊት አለመደወል። ቀሲስ በዕረፍት ቀናቸው ከልጆቻቸው ጋር ሲታዩ «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ?» አለማለት። የሰበካ አስተዋፅኦን በወቅቱ መክፈል። የንስሐ አባታችን ቤታችን ሲመጡም የራሳችንን ጉዳይ ከመዘርዘራችን በፊት «እርስዎስ? እንቅልፍ ያገኛሉ?» ብሎ መጠየቅና መልሳቸውን እስከ መጨረሻው መስማት። የመጀመሪያው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛውን መልስ እንጠብቅ።